ሳሙናው ሥራ ላይ ዋለ ወይ? የእድር ጸሐፊዋ ጥያቄና ሌሎች ሁለት ደብዳቤዎች

ለዚህ ወር ሦስት ደብዳቤ መርጫለሁ። የመጀመሪያዋ ጠያቂ ረዘም ያለ መልስ ስለሚያስፈልጋት ገጹን አብዛኛውን እሷ ትወስደዋለች። ሌሎቻችሁ ታገሡኝ። ለአዲስ አንባቢ፦ እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፤ የተማርኩትም የሠራሁትም እዚሁ ጅማና ዙሪያዋ ነው።

ጥያቄ

ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። በጅማ ከተማ የአንድ ሰፈር የሴቶች እድር ጸሐፊ ነኝ። አባሎቻችን 240 ቤተሰብ ይሆናሉ። አምና ከአንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ትንሽ ገንዘብ አግኝተን፣ የሕፃናትን ተቅማጥ ለመከላከል ቤት ለቤት አስተማርን። ሳሙናና ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያም አደልን። ሪፖርት ላይ «ለ240 ቤተሰብ ትምህርት ተሰጠ፣ 480 ሳሙና ታደለ» ብለን ጻፍን። ዘንድሮ ገንዘቡ ይቀጥልልን ስንል «ለውጥ መምጣቱን የሚያሳይ ማስረጃ አምጡ፤ የዘንድሮውንም እቅድ በማስረጃ ሥሩት» አሉን። ኮሚቴው ተከፋፍሏል። ሊቀመንበሯ ሳሙናው ይቀጥል ትላለች። ገንዘብ ያዧ «ክትባት ላይ እንሥራ» ባይ ናት። ሌላዋ ደግሞ መጸዳጃ ቤት ካልተስተካከለ የቀረው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው ትላለች። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የወንድሜ ልጅ ሰማንያ ስድስት ጥያቄ ያለው ፎርም አዘጋጅቶልናል፤ አያይዤዋለሁ። ይህን ይዘን 240ውንም ቤት እንዙር?
ከጅማ፣ ቆጪ

መልስ

እህቴ፣ አስቀድመሽ ለወንድምሽ ልጅ ምስጋናዬን አድርሺልኝ። ሰማንያ ስድስት ጥያቄ ማውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀጥለሽ ፎርሙን ተቀበይውና ሰባ አምስቱን ሰርዢ።

አንብቤዋለሁ። የቤታችሁ ጣሪያ ከምን ተሠራ? ስንት ከብት አላችሁ? ሬዲዮ አላችሁ? ሁሉም አለበት። ከየት እንደተቀዳም ገብቶኛል፤ ከአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ነው። እዚያ ቦታው ነው፤ የቤተሰቡን የኑሮ ደረጃ ለመመደብ ይጠቀሙበታል። እናንተ ግን ቆርቆሮ ልትቀይሩ ነው? ለቆጪ ሰው ላም ልታከፋፍሉ ነው?

እያንዳንዱን ጥያቄ ለኮሚቴው ጮክ ብለሽ አንብቢና «መልሱ አዎ ከሆነ ምን እናደርጋለን? አይ ከሆነስ?» በያቸው። አዎም ቢባል አይም ቢባል የምታደርጉት ያው ከሆነ ጥያቄው ይውጣ። «ውሃ የምትቀዱት ከየት ነው?» የሚለው ይቆይ፤ መልሱ ውሃ አጋር ማን ጋ መሄድ እንዳለበት ይነግራችኋል። «የጋብቻ ሁኔታ» ይውጣ። የእድሩ ሴቶች ያገባውንና ያላገባውን ከማንም ፎርም በላይ ያውቁታል።

ሌላም ምክንያት አለኝ። እንደ ጅማ ሰው በመጠይቅ የተሰላቸ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲቋቋም ጀምሮ ተማሪ ወደ ማኅበረሰቡ ወጥቶ እንዲማር ተደርጎ ነው የተቀረጸው፤ ዩኒቨርሲቲ ከሆነም በኋላ ቀጥሏል። እኔም በዚያ መንገድ ነው ያለፍኩት፤ አልቃወመውም። ነገር ግን በየዓመቱ ፎርም የያዘ ልጅ በሩን ሲያንኳኳ የኖረ ሰው «ደግሞ መጣችሁ? ያለፈው መልስ የት ደረሰ?» ቢልሽ አይፈረድበትም። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ዩኒቨርሲቲው ጋ ሄዳችሁ በቀበሌያችሁ የተሠራ የተማሪዎች ጥናት ካለ ጠይቁ። ግማሽ ሥራችሁ እዚያ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ጤና ጣቢያ ነው። የሰፈራችሁን የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ብቻችሁን ከሄዳችሁ «ደብዳቤ አምጡ» ይከተላል። የምትፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ ከአምስት ዓመት በታች ሆነው በተቅማጥ የታከሙ የቀበሌያችሁ ልጆች ብዛት፣ በወር በወር፣ የሁለት ዓመት። ሐምሌን ከሐምሌ ጋር አወዳድሩ። ሐምሌን ከጥር ጋር አወዳድሮ «ቀነሰ» የሚል ሪፖርት ስንቱን አይቻለሁ! ዝናቡ ስላባራ የቀነሰውን ለራስ መውሰድ ነው።

መዝገቡን ግን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አትመኑት። የታካሚው ቁጥር ቢጨምር በሽታው ባሰ ማለት ላይሆን ይችላል። ምናልባት ትምህርታችሁ ገብቷቸው እናቶች ልጃቸውን ቶሎ ማምጣት ጀምረው ይሆናል። ቢቀንስም ለተቅማጥ የሚሰጡት ቅመሙና ዚንኩ ከጤና ጣቢያው ጠፍተው ሰው ፋርማሲ መሄድ ጀምሮ ይሆናል። መዝገብ የሚያውቀው የመጣውን ሰው ነው። የእናንተ ጭንቀት ደግሞ ያልመጣው ነው።

እንግዲህ ያልመጣውን የት ታገኙታላችሁ? እዚህ ላይ እድር ከብዙ ድርጅት የተሻለ ነገር በእጁ አለው፤ መዝገብ። አትናቁት። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው በምን እንደሚሞት ለማወቅ ተመራማሪዎች ዓመታት የተከታተሉት የቀብር መዝገብን ነው። የእናንተ ደብተር ደግሞ የእያንዳንዱን አባል ቤት ያውቃል። የብዙ ፕሮግራም ራስ ምታት «ከስንት ውስጥ?» የሚለው ነው፤ እናንተ 240 ብላችሁ ትጀምራላችሁ።

ችግሩ ደብተሩ ላይ የሌለው ሰው ነው። በእኛ እድር ጨቅላ ሲሞት አይመዘገብም፤ የእናንተም እንዲያው ይመስለኛል። ከዚያ ተከራዩ አለ። በየግቢው ከኋላ ያሉትን ሰርቪስ ቤቶች አስቢያቸው። አንድ ክፍል፣ አንድ ፍራሽ፣ ሁለት ሕፃን፣ አባትየው በቡና ለቀማ ሰሞን የመጣ የቀን ሠራተኛ። እነሱ እድር የላቸውም። አምና ሳሙናው ለአባላት ታደለ ብለሻል። ተቅማጡ ግን የአባልነት ደብተር አይጠይቅም። ስለዚህ ዝርዝሩን ስታዘጋጁ በር በር ቁጠሩ፤ ከአንድ ግቢ አራት በር ካለ አራት ቤት ነው።

አሁን ወደ ዙሩ። ሁሉንም ቤት አትዙሩ። ሰፈሩን ሦስት ቀጠና አድርጋችሁ ከየቀጠናው 19 ቤት ጎብኙ። 19 ከኪሴ የወጣ ቁጥር አይደለም። ዘዴው መጀመሪያ የፋብሪካ ምርት ጥራት መፈተሻ ነበር፤ ከጭነቱ ጥቂት መዝዞ አይቶ፣ ሙሉውን ማሳለፍ ወይም መመለስ። ኋላ የጤና ሰዎች ወሰዱት። ከ19 በላይ ብትጨምሪ ድካሙ እንጂ ውሳኔው ብዙም አይለወጥም።

አሠራሩ ይህ ነው። መጀመሪያ ኢላማ ትቆርጣላችሁ፤ «ከመቶ 80 ቤት ውሃና ሳሙና ያለበት መታጠቢያ ይኑረው» እንበል። ከ19ኙ 13 ወይም ከዚያ በላይ ካለፉ ቀጠናው ደርሷል ብላችሁ ያዙት። 12 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ወደ ኋላ ቀርቷል። «የ19 ሰማንያ በመቶ 15 አይደለም እንዴ?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ገንዘብ ያዧ መሆኗ አይቀርም። ነው። ግን ዕጣ አንዳንዴ መጥፎ ቤቶችን ያበዛል፤ ለዚያ የተተወ ክፍተት ነው። ኢላማው 70 ቢሆን መቁረጫው 11 ነው፤ 50 ቢሆን 7። አንድ ቀጠና 11 አገኘ ብለሽ «58 በመቶ» ብለሽ እንዳትጽፊ ብቻ፤ በ19 ቤት በመቶኛ አይወጣም። የሦስቱ ቀጠና 57 ቤት ሲደመር ስለ ሰፈሩ በጥቅሉ መናገር ትችላላችሁ፤ ቀጠናዎቹ ተቀራራቢ ስፋት ካላቸው።

ኢላማውን ከመውጣታችሁ በፊት ጻፉትና ሁላችሁም ፈርሙበት። ውጤቱ ከታየ በኋላ ኢላማ ዝቅ ማድረግ የሚጥም ነገር ነው።

ቤቶቹን በዕጣ ምረጡ። ቁጥር የተጻፈበት ብጫቂ ወረቀት በሰፌድ ላይ በትናችሁ ሕፃን ልጅ ያንሳው። እናንተ ከመረጣችሁ አስፋልት ዳር ያለውንና ቡና የምታጠጣችሁን ነው የምትመርጡት። ዕጣ የወጣለት ቤት ትንሽ ልጅ ከሌለው በስተቀኝ ወዳለው ቀጣይ ቤት እለፉ። ሰው ካጣችሁ ግን ወደ ጎረቤት አትዙሩ፤ ማታ ወይም እሁድ ተመለሱ። ቀን ቀን ቤቷ የማትገኘው እናት ጉልት ላይ ያለችው ናት። ልጁን ለታላቅ እህቱ ትታ ነው የወጣችው። እሷን በጎረቤቷ ተክታችሁ ከሞላችሁ የምትፈልጉትን ሰው ጥላችሁ ተመለሳችሁ።

ስለ ቡናው ላስጠንቅቅሽ። ጅማ ውስጥ ቡና ሳይጠጡ ከቤት መውጣት ነውር ነው። በአንድ ጠዋት 19 ቤት እጨርሳለሁ ብለሽ እንዳታቅጂ።

ማን ይጠይቅ? ሳሙናውን ያደለችው ሴት አትጠይቅ። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ታውቂዋለሽ። ሳሙና የሰጠችሽ ሰው ፊት ቆማ «ትጠቀሚበታለሽ?» ብትልሽ ምን ትያለሽ? ቀጠና ተለዋወጡ፤ የላይኛዋ ታች ትጠይቅ። ከሁለቱ ጠያቂዎች አንዷ ኦሮምኛ የምትችል ትሁን፤ እናት ስለ ልጇ ሆድ በአፏ በፈታችበት ቋንቋ ስትናገር ነው የምትዘረዝርልሽ።

ጥያቄውም ራሱ መቀየር አለበት። የወንድምሽ ልጅ «ከመጸዳጃ ቤት መልስ እጅዎን በሳሙና ይታጠባሉ?» ብሎ ጽፏል። 19ኙም አዎ ይሉታል። ማን አፍ አውጥቶ አልታጠብም ይላል? በምትኩ «እጅ የምትታጠቡበትን ቦታ ቢያሳዩኝ?» በሉ። አገር አቀፉም ዳሰሳ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ከዚያ ዓይን ይሥራ። መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ሃይላንድ ተንጠልጥሏል፤ ክዳኑ ተበስቷል፤ እሰየው! ጠጋ ስትይ ግን ባዶ ነው። ከሥሩ ያለው መሬት ደርቋል፤ አፉ ላይ ሸረሪት አድርቶበታል። የለም ተብሎ ይሞላል። ቀጣዩ ቤት የእናንተ ሳሙና ከነወረቀቱ ቡፌ ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ጎን ተቀምጧል፤ እንግዳ ሲመጣ ሊወጣ። ያም የለም ነው፤ ምንም እንኳ በሪፖርታችሁ ላይ «ታደለ» ቢሆን። ሦስተኛዋ ቤት ሳሙና የለም፤ ግን ጄሪካኑ አጠገብ በጣሳ አመድ አለ፣ መሬቱም እርጥብ ነው። አመድ እንዴት እንደምትቆጥሩ ቀድማችሁ ተስማሙ፤ አለበለዚያ አንዷ አለ ትላለች፣ ሌላዋ የለም።

ለተቅማጥ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ልጅዎን ተቅማጥ ይዞት ነበር?» በቂ ነው። ከዚያ በላይ ወደ ኋላ ከሄድሽ ማንም አያስታውስም። ለክትባት ካርዱን አሳዩኝ። ለመጸዳጃ «የሕፃኑን ፖፖ ለመጨረሻ ጊዜ የት ደፉት?» በሉ። ብዙ ሰው መጸዳጃ ቤት እያለው የሕፃን ሰገራ ንጹሕ ይመስለውና አጥር ሥር ይደፋዋል፤ ወይ ወደ አዌቱ ወንዝ የሚወርደው ቦይ ውስጥ።

እንዲህ ከሆነ የኮሚቴው ክርክር ራሱ መልስ ያገኛል። ለምሳሌ ያህል አንደኛው ቀጠና በክትባት 17፣ በፖፖው 15፣ በመታጠቢያው 5 አመጣ እንበል። እዚያ ገንዘብ ያዧ ተሸነፈች። ግን ሊቀመንበሯም አላሸነፈችም! ሳሙናው ታድሎ መታጠቢያው 5 ከሆነ ሌላ ሳሙና መግዛት መልስ አይሆንም። ምናልባት ጉዳዩ ውሃ ነው። ቧንቧ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ውሃ በጄሪካን የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚቆጥበው ከእጁ ነው። ሦስተኛው ቀጠና ደግሞ በክትባት 9 ቢያመጣ እዚያ ገንዘብ ያዧ ልክ ናት። ሦስት ቀጠና ሦስት ዓይነት እቅድ ሊኖረው ይችላል። ውጤቱን ቆጥራችሁ ደብቃችሁ አታስቀምጡት፤ በእድሩ ቀን ለአባላት አንብቡና «ለምን ይመስላችኋል?» በሏቸው። እኛ ቢሮ ተቀምጠን አንድ ሳምንት የምናወጣ የምናወርደውን ሴቶቹ በአንድ ስኒ ጊዜ ይጨርሱታል።

የቀረው ከባዱ ነው፤ «አምና ለውጥ መጥቷል ወይ?» የሚለው። እውነቱን ልንገርሽ፤ ማወቅ አትችሉም። ከመጀመራችሁ በፊት ምን እንደነበር አልለካችሁም። ለድርጅቱም እንዲሁ ብላችሁ ጻፉ። «480 ሳሙና ታደለ» የሥራ ቁጥር ነው እንጂ የውጤት ቁጥር አይደለም። ዘንድሮ የምታገኙት የመነሻ ልክ ይሆናችኋል።

ለዘንድሮው ደግሞ እንዲህ አድርጉ። ገንዘቡ ለሦስቱም ቀጠና በአንዴ የማይበቃ ከሆነ፣ እሰይ። በዕጣ አንዱ ቀጠና አሁን ይጀምር፣ የቀሩት ከስድስት ወር በኋላ። ዕጣ ስለሆነ ማንም አያኮርፍም። ከሁለተኛው ዙር በፊት ሦስቱንም በ19 በ19 እንደገና እዩ። የተጀመረበት ቀጠና ተሻሽሎ ያልተጀመረባቸውም እኩል ከተሻሻሉ፣ ለውጡን ያመጣው ሌላ ነገር ነው። ሦስት ቀጠና ጥቂት ስለሆነ ይህ ማረጋገጫ አይሆናችሁም፤ ግን ራስን ከማታለል ይጠብቃል።

ይህን የምልሽ በምክንያት ነው። በኢትዮጵያ በጤና ተቋም የሚወለዱ ሕፃናት እ.ኤ.አ. በ2016ቱ አገር አቀፍ ዳሰሳ 26 በመቶ ነበሩ፤ በ2019ኙ 48 በመቶ ደረሱ። በእነዚያ ዓመታት የትም ወረዳ የእናቶች ማቆያ (ነፍሰ ጡሮች ምጣቸው እስኪደርስ ጤና ጣቢያ አጠገብ የሚቆዩበት ቤት) የከፈተ ሰው ቁጥሩ ሲያድግ አይቶ «እኔ ነኝ» ማለት ይችል ነበር። ጅማ ዩኒቨርሲቲና የካናዳው ኦታዋ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ዞናችን፣ ጎማ፣ ቀርሳና ሰቃ ጮቆርሳ ውስጥ፣ ነገሩን በደንብ ፈተኑት። በዕጣ አንዳንዱ ጤና ጣቢያ አካባቢ ማቆያው ተሻሽሎ የአካባቢ መሪዎችም ሠለጠኑ፤ አንዳንዱ ጋ ሥልጠናው ብቻ፤ አንዳንዱ ጋ እንደ ቀድሞው። መጨረሻ ላይ በጤና ተቋም በመውለድ ረገድ በመካከላቸው በእርግጠኝነት ልዩነት አለ የሚያስብል ነገር አልተገኘም። ማቆያ የሚወደው ሁሉ አዝኗል፤ እኔንም ጨምሮ። ከሩቅ ቀበሌ በቃሬዛ የመጣች ምጥ የያዛት ሴት ያየ ሰው ማቆያን መጥላት አይችልም። ግን ማነጻጸሪያው ባይኖር ኖሮ ሁላችንም አጨብጭበን ነበር የምንሄደው። እንዲህ ያለ ውጤት የሚጠይቀው ማቆያው ይዘጋ ብሎ መነሳትን አይደለም፤ ማን እንደማይመጣና ለምን እንደማይመጣ ሄዶ ማየትን ነው።

ጥያቄ

ሲስተር፣ በማና ወረዳ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። በየወሩ ሪፖርት እልካለሁ፤ የሚመለስልኝ «አፈጻጸምሽ ዝቅ ብሏል» የሚል ብቻ ነው። ክትባት ላይ «የማኅበረሰቡ የግንዛቤ ማነስ» ብዬ ምክንያት እጽፋለሁ። የራሴን መረጃ እንዴት ልጠቀምበት?

መልስ

ልጄ፣ ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም ሲጀመር «ለአንድ ቀበሌ ሁለት ልጆች» ተብሎ ነው። ሁለት ሰው የስንቱን ቤት በር እንደሚያንኳኳ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አዲስ ሥራ አልጨምርብሽም።

መጀመሪያ «ዝቅ ብሏል» የተባለው ከምን አንጻር እንደሆነ ጠይቂ። እቅድሽ ላይ ያለው የሕፃናት ቁጥር ተቆጥሮ የመጣ አይደለም። የመጨረሻው ሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው በማባዣ እየተባዛ የሚወርድ ግምት ነው። ሰው የለቀቀበት ቀበሌ ምንም ቢለፋ አይደርስበትም፤ ሰው ፈልሶ የገባበት ደግሞ ተኝቶ 112 በመቶ ይከትባል። ከመቶ ሕፃን 112 ተከተበ የሚል ግራፍ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሲጨበጨብለት አይቻለሁ፤ የየት ጤና ጣቢያ እንደሆነ አልናገርም። አንቺ ከቤተሰብ ማህደርሽ በዚህ ዓመት የተወለዱትን በስም ቆጥረሽ ከግምቱ ጎን ጻፊው። ተቆጣጣሪሽ ሲመጣ ሁለቱን አሳዪው።

ግምት የማይፈልገውን ስሌት ደግሞ ውሰጂ። ፔንታ አንድ (የፔንታ ክትባት የመጀመሪያ ዙር) የወሰዱ 40፣ ፔንታ ሦስት (ሦስተኛው ዙር) የደረሱ 27 ከሆኑ፣ 13 ጠፍተዋል። ከመቶ 32 ወይም 33 ማለት ነው። ከ10 በላይ ከሆነ ነገር አለ። የእነዚህ እናቶች ግንዛቤ አላነሰም፤ መጀመሪያ መጥተዋልና! በስድስት ሳምንቱ መንገዱን ሁሉ አቋርጣ የመጣች ሴት በአሥራ አራተኛው ለምን ቀረች? «የግንዛቤ ማነስ» የሚለውን ከሪፖርትሽ ላይ አውጪው። እሱ ምክንያት አይደለም፤ አልጠየቅኩም ማለት ነው።

በወር በወር የተከፋፈለውን የካርድ ሳጥንሽን ክፈቺ። ወሩ ሲያልቅ ክፍሉ ውስጥ የቀረው ካርድ ቀጠሮ አልፎበት ያልመጣው ሕፃን ነው። ታብሌት ቢሰጥሽም ዝርዝሩ ያው ነው። አሥራ ሦስቱን ስም ይዘሽ ውጪና አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ «ያን ቀን ምን ገጠመሽ?» በቀርሳ በኩል ስሠራ ከእንዲህ ዓይነት እናቶች ደጋግሜ የሰማሁት «ካርዱ ጠፋብኝ» የሚል ነው። ጣሪያ አፍስሶበት ይበሰብሳል፣ አይጥ ይበላዋል። ካርድ የጠፋባት እናት የምትፈራው መርፌውን ሳይሆን የነርሷን ቁጣ ነው። «እንዴት ካርድ ትጥያለሽ!» ብሎ ሰው ፊት የሚያዋርድ ሰው ካለ ያን ቀበሌ በትምህርት አትመልሺውም። ላስቲክ ከረጢት ለካርዱ ስጪ፤ ለጠፋባት ደግሞ ከመዝገብ አውጥተሽ ዝም ብለሽ አዲስ ጻፊላት። የአንቺ ቀበሌ ምክንያት ሌላ ሊሆን ይችላል። ለዚያ ነው አሥራ ሦስቱን ጠይቂ ያልኩሽ።

በሚቀጥለው ወር ሪፖርት ላይ በምክንያት ቦታ «13 አቋርጠዋል፤ 6ቱ ካርድ ጠፍቶባቸው፣ 4ቱ ከቀበሌ ለቀው፣ 3ቱ አልተገኙም» የሚል ዓይነት ነገር ይጻፍ። የወረዳው ሰው ያኔ መልስ ካልሰጠሽ ለእኔ ጻፊልኝ።

ጥያቄ

እኅቴ ሲስተር፣ ውጭ አገር የምኖር የጅማ ልጅ ነኝ። በክረምት ስመጣ ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን የአንድ ቀን ነፃ የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ በአደባባይ ላዘጋጅ አስቤያለሁ። ጠቃሚ ነው?

መልስ

እንኳን አሰቡን። መልሴ ግን በማግስቱ በሚሆነው ላይ ይወሰናል።

ግፊት ብዙ ሰው ላይ እንዳለ ጥርጥር የለውም። እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂዎች 16 በመቶ ገደማ ግፊት ነበረባቸው፤ አብዛኛው ሰውም ጨርሶ ተለክቶ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ድንኳን ተክለው ከለኩ ታገኛላችሁ። ግን 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ስለታየ ብቻ በአንድ ቀን «ግፊት አለብዎት» አይባልም። ሽማግሌው ከጂረን ዳገት በእግራቸው ወርደው፣ ሁለት ስኒ ቡና ጠጥተው፣ ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ነው የሚለኩት። ሌላ ቀን፣ ዐረፍ ብለው፣ ደግመው መለካት አለባቸው። ያን ማን ይለካቸዋል? መድኃኒቱን ማን ይሰጣቸዋል? በየወሩስ?

ገንዘቡን ለድንኳንና ለቲሸርት ከማውጣትዎ በፊት አንድ ሰው ወደሚቀርበው ጤና ጣቢያ ይላኩና ሦስት ነገር ይጠይቅልዎ፤ የሚሠራ የግፊት መለኪያ ስንት እንዳለ፣ የግፊት ክትትል ላይ ስንት ሰው እንዳለና ባለፉት ስድስት ወራት የግፊት መድኃኒት ስንት ጊዜ እንዳለቀ። መድኃኒቱ እየተቆራረጠ ከሆነ አዲስ ሰልፈኛ መጨመር የነበሩትን ማስራብ ነው፤ ገንዘብዎ እዚያ ይሻላል። ካልተቆራረጠ ደግሞ ምርመራውን ከጤና ጣቢያው ጋር ያዘጋጁት፤ የተለኩትን ስምና ስልክ ይያዙ፤ ከፍ ካለባቸው ውስጥ በወሩ ስንቱ ተመልሰው እንደታዩ የሚቆጥር ሰው ይመድቡ። የተለኩት ሰዎች ብዛት ለፌስቡክ ጥሩ ነው። ያንን ሁለተኛውን ቁጥር ለእኔ ይላኩልኝ።